ማኪያቶውን መለሰ፤ ብሩን ተቀበለ

ነገሩ የሆነው በዐቢይ ጾም ነው። ከእኛው መካከል አንዱ፣ አንዲት ወረቀት ላይ የምታርፍ አንዲት ፊርማ ፍለጋ አራት ወር ሙሉ አንድ መሥሪያ ቤት ተመላልሷል። «ነገ ና»፣ «ሲስተም የለም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»… የማታውቁት ዜማ አይደለም። በአራተኛው ወር ፋይሉን የያዘው ሰው ራሱ ደወለና «ሻይ እንጠጣ» አለው። ካፌ ተቀመጡ። አስተናጋጇ ተሳስታ ለሰውዬው ማኪያቶ አመጣችለት። ፊቱን አኮሳትሮ፣ «ጾም ነው እኮ እህቴ! ወተት አለበት» ብሎ መለሰው። በምትኩ ሻይ መጣለት። አማትቦ ጠጣ። ሻዩን ሲጨርስ ደግሞ «የሻይ» ተቀበለ፤ በፖስታ የታሸገ 10,000 ብር። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ኪሱ ከተተው። ፊርማዋ በማግስቱ ወጣች።

ይህን ታሪክ በሰማንበት ምሽት መጀመሪያ ሳቅን። «ማኪያቶውን መለሰ!» እያልን ተቀባበልነው። ሳቁ ሲበርድ ግን ከመካከላችን አንዷ፣ «ቆይ፣ ፖስታውን የሰጠው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ዝም አልን። የሰጠው ወዳጃችን ነው፤ እሱም ይጾማል። ከ10,000 ብሩ ላይ 4,000 ብሩን ያበደርነው ደግሞ እኛው ነን። ስናበድረው ለምን እንደሆነ እናውቅ ነበር። «ይቅናህ» ብለን ነው የሸኘነው። ፊርማዋ ስትወጣ «እግዚአብሔር ይመስገን!» ያልነውም እኛ ነን።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በዚያ ሰውዬ ላይ ብቻ የተጻፈ አይደለም። በእኛም ላይ ነው። ክርስቲያን ነን በምንል፣ በምንጾም፣ በምንዘምር፣ ከዚያም በምንሰጥና በምንቀበል ወጣቶች ሁሉ ላይ ነው።

ፈተናው የት ነው?

አማርኛችን «ፈተና» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ያውለዋል። ተማሪ የሚቀመጥለትም ፈተና ነው፤ ሰይጣን የሚያመጣውም ፈተና ነው። የሁለተኛውን አድራሻ ግን አሳስተን ይዘነዋል።

በሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ በወጣቶች ኅብረት ያደግን ሁላችን ስለ ፈተና ስንማር የሚነገረን ምን ነበር? ጭፈራ ቤት፣ መጠጥ፣ ጫት፣ የወንድና የሴት ነገር፣ አሁን አሁን ደግሞ ስልክ። እነዚህ ፈተና አይደሉም አላልንም። ናቸው፤ ጓደኞቻችንን አጥተንባቸዋል። ችግሩ ፈተና ማለት እነሱ ብቻ መስለውን ማደጋችን ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ያመሸ ወጣት ፈተናውን ያለፈ ይመስለዋል። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ግን «ሥራ ላይ» ነው። ሰይጣን ሰኞ ሰኞ ዕረፍት የሚወጣ ይመስል!

የዮሴፍን ታሪክ ውሰዱ። ስንት ጊዜ ተሰብኮልናል? የጲጥፋራ ሚስት ልብሱን ያዘች፤ እሱም ልብሱን ጥሎ ሸሸ። እውነት ነው፤ ትልቅ ታሪክ ነው። ግን ይህ የዮሴፍ ታሪክ ግማሹ ነው። ዮሴፍ ከእስር ቤት ወጥቶ የግብፅ እህል ሁሉ ኃላፊ ሆነ። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሪቱ ምርት አምስተኛውን እየሰበሰበ አከማቸ። በሰባቱ የረሃብ ዓመታት ጎተራውን ከፍቶ ሸጠ። ቁልፉ በእጁ ነበር። አገሩ የተራበ፣ እሱ ባዕድ፣ ወንድሞቹ የሸጡት፣ ያለ ጥፋቱ የታሰረ ሰው። «ተበድያለሁ፤ አሁን ተራዬ ነው» ለማለት ከእሱ የበለጠ ምክንያት ያለው ማን ነበር? እሱ ግን ከሽያጩ የተገኘውን ገንዘብ ወደ ፈርዖን ቤት አስገባ። ከአንዲት ሴት ለደቂቃዎች መሸሹን መቶ ጊዜ ሰምተናል። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ጎተራ ላይ ተቀምጦ አለመስረቁን የሰበከልን ግን ስንት ነው?

ዳንኤልም እንዲሁ ነው። የአንበሶቹን ጉድጓድ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ከጉድጓዱ በፊት ግን ምን ነበር? ጠላቶቹ በመንግሥት ሥራው ጥፋት ሊያገኙበት ፈለጉ። በዛሬ ቋንቋ ኦዲት አስደረጉት ማለት ነው። ምንም አላገኙም። በጸሎቱ ሊከሱት የተገደዱት በሥራው የሚከሱበት ነገር ስላጡ ነው። እስቲ እኛን ኦዲተር ቢመጣብን ስንቶቻችን ነን በጸሎታችን ብቻ የምንከሰስ?

ሦስቱ ፈተናዎች

ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ጾሞ በሦስት ነገር ተፈተነ። አባቶቻችን ሦስቱን ስስት፣ ትዕቢትና ፍቅረ ንዋይ ብለው ያስተምሩናል። ድል የተነሡትም ስስት በትዕግሥት፣ ትዕቢት በትሕትና፣ ፍቅረ ንዋይ ደግሞ ገንዘብን በመጥላት ነው ይላሉ።

እኛ ከሦስቱ የያዝነው አንዱን ነው። ከሥጋና ከወተት 55 ቀን እንርቃለን። ጥሩ። ለሁለቱስ? ጾሙ ራሱ እኮ ይጠይቀናል። የሦስተኛው እሑድ ስም ምኩራብ ነው። በዚያ ቀን የሚታሰበው ጌታ የገንዘብ ለዋጮችን ገበታ የገለበጠበት ነው። የስድስተኛው እሑድ ስም ገብር ኄር ነው። የታመነ አገልጋይ ማለት ነው፤ የሚነበበውም ጌታው ገንዘብ ሰጥቶት ስለሄደ፣ በኋላም ስለ ተቆጣጠረው ሠራተኛ ነው። እንግዲህ ከስምንቱ የጾሙ እሑዶች ሁለቱ በቀጥታ ስለ ገንዘብና ስለ አደራ ይናገራሉ። እኛ ግን በምኩራብ እሑድ አስቀድሰን ሰኞ ዕለት ጠረጴዛችን ላይ ገበታ እንዘረጋለን። ሁዳዴ የማይጾሙ ፕሮቴስታንት ወዳጆቻችንም አይሳቁ። ይህ ወንጌል እነሱም ጋ አለ፤ ጠረጴዛውም አለ።

ሦስተኛውን ፈተና ልብ በሉት። ሰይጣን ያሳየው የዓለምን መንግሥታት ሁሉ ነው። የጠየቀው ግን ትንሽ ነው፤ አንዴ መስገድ። ዕድሜ ልክህን አገልግለኝ አላለውም። ሁሌም እንዲህ ነው የሚመጣው። «አንዴ ብቻ ፈርም»፣ «ይቺን ብቻ እለፋት»፣ «ለዛሬ ብቻ»። ከፈረምክ በኋላ ግን ፈራሚ ሆነሃል። ሁለተኛውን ወረቀት የሚያመጣው ሰው የመጀመሪያውን ያውቃል።

ስሙን የቀየርነው ኃጢአት

አንድ ኃጢአት ብዙ የቁልምጫ ስም ካለው ተወዳጅ ሆኗል ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ መማለጃ ይለዋል፤ ሕጉ ጉቦ ይለዋል። እኛ ግን «የሻይ»፣ «ኮሚሽን»፣ «ማመስገኛ» እንለዋለን። ጉቦ የሚያቀባብለው ደላላ ደግሞ «ጉዳይ ገዳይ» ነው። ስሙ ውስጥ መግደል እያለ እንኳ አንደነግጥም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረትም አለን። ይህን ተረት በልጅነታችን የነገሩን ደግሞ ማታ ማታ ጸሎት ያስተማሩን ሰዎች ናቸው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም ብሎ የነገረን የለም። ያደግነው በሁለት ወንጌል ነው። አንዱ የእሑድ ነው፤ ሌላው የሥራ ቀን ነው።

ከሁሉ የሚያመን ግን የእግዚአብሔር ስም በመሐል መግባቱ ነው። ምስክርነት ሲሰጥ ሰምተናል፤ «ጌታ በር ከፈተልኝ!» ይላል ወንድማችን። እልል ይባላል። በሩን የከፈተው ጉዳይ ገዳዩ መሆኑን ግን ከመድረክ በስተጀርባ የሚያውቅ ያውቃል። በሌላው ወገን ደግሞ ስእለት ይገባል፤ ጃንጥላ ይገዛል፤ የፊት ወንበር ይያዛል። ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የኦሪት ሕግ እኮ አንዳንድ ገንዘብ ለስእለት እንኳ ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ይከለክላል። የእኛ ሙዳየ ምጽዋት ግን ሁሉን ይውጣል። ምንጩን የማይጠይቅ አገልጋይ፣ ኦርቶዶክስ ይሁን ፕሮቴስታንት፣ ከተቀባዩ ጋር እንደተቀበለ እንቆጥረዋለን።

ቁጥር ከወደዳችሁ እነሆ። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከመቶ ኢትዮጵያውያን ከ60 የሚበልጡት ክርስቲያን መሆናቸውን አሳይቷል። ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ደግሞ በሙስና መለኪያው እ.ኤ.አ. በ2023 ለአገራችን ከ100 የሰጣት 37 ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡና ራሳችሁን ጠይቁ። ይህን ሁሉ ጉቦ የሚሰጠውና የሚቀበለው ማን ነው? ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው?

ልምምዱ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው

ቢሮ ስንገባ አልተበላሸንም። ቀድመን ነው። የቃሉ ሁለት ትርጉሞች የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ፈተና የመጣብን ፈተና ላይ ነው።

በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወጥቶ በመሰራጨቱ ተሰረዘ። በ2015 ዓ.ም. ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ውጤቱን ሁሉ በኩረጃ ማሳበብ ልክ አይደለም። መጽሐፍ የሌለበት፣ መምህር የጎደለበት፣ ጦርነት ያቋረጠው ትምህርት ቤት እንዳለ እናውቃለን። ግን ራሳችንን አንዋሽ። በእኛ ጊዜ የፈተና ክፍሉ ምን ይመስል እንደነበር እኛ እናውቃለን። ከፈተናው በፊት ተሰብስበን ጸለይን። ከጸሎቱ በኋላ መልስ ተቀባበልን። አንዳንዶቻችን «አምላኬ ሆይ፣ ጎበዝ አጠገብ አስቀምጠኝ» ብለን ጸልየናል። ጸሎታችን ደግሞ ተሰማ! ያ ልጅ ነው ዛሬ ፋይል ይዞ የተቀመጠው።

«ደመወዙ አይበቃማ!»

ይህን የሚለንን ሰው አንንቀውም። የቤት ኪራዩን እናውቃለን። የጤፍ ዋጋ እናውቃለን። ደመወዙ ወር ሳይጋመስ የሚያልቅበትን ሰው «ጻድቅ ሁን» ማለት ለሚናገረው ቀላል ነው። የታመመ ልጅ ታቅፋ አልጋ ለማግኘት «አምጪ» የተባለች እናትና «አምጪ» ያላት ሰውም በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። እሷ ተነጥቃለች። እኛ የምንናገረው መጠበቅ፣ መክሰስ ወይም ማጣት እየቻልን «ቶሎ እንዲያልቅ» ብለን ስለምንሰጠው ስለ እኛ ነው። አዋጅ ቁጥር 881/2007 እንኳ የሚቀጣው ተቀባዩን ብቻ አይደለም፤ ሰጪውንም ነው።

ግን ወደ ገዳመ ቆሮንቶስ እንመለስ። ፈታኙ የመጣው መቼ ነው? ጌታ ሲጠግብ አይደለም። አርባ ቀን ጾሞ በተራበ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ያነሣውም ዳቦ ነው። ፈተና ቅንጦት ይዞ አይመጣም፤ ችግርህን ይዞ ነው የሚመጣው። ችግር የሌለበት ፈተና ፈተና አይባልም። መጥምቁ ዮሐንስም ቀራጮችና ወታደሮች «ምን እናድርግ?» ብለው ሲጠይቁት ሥራችሁን ጥላችሁ ገዳም ግቡ አላላቸውም። ለቀራጮቹ ከታዘዘው በላይ እንዳይወስዱ፣ ለወታደሮቹ ማንንም አስፈራርተው እንዳይነጥቁ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው ነገራቸው። የወታደሩ ደመወዝ ያኔም ብዙ የነበረ አይመስለንም።

እምቢ ያለችው ልጅ

አሁን ሌላ ታሪክ እንንገራችሁ። ይህቺኛዋም ወዳጃችን ናት፤ ንብረት ክፍል ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ያልገባ ዕቃ «ገብቷል» ብላ ሞዴል 19 ላይ እንድትፈርም ታዘዘች። «ዕቃውን ልየው» አለች። «ነገ ይመጣል፤ ፈርሚ» አሏት። «ነገ ሲመጣ ነገ እፈርማለሁ» አለች። በሳምንቱ ከቦታዋ ተነሣች። ኮንትራቷ ሲያልቅም አልታደሰም። ሰባት ወር ያለ ሥራ ተቀመጠች።

በዚያ ሰባት ወር ውስጥ የከበዳት አለቃዋ አልነበረም። ማኅበርተኞቿ ነበሩ። አብረዋት የሚዘምሩ ልጆች፣ «ምን አለበት ፈርመሽ ንስሐ ብትገቢ?» አሏት። ንስሐን እንደ ደረሰኝ ቀድሞ ቆርጦ መያዝ ማለት ነው! ከመካከላችንም አንዳንዱ በልቡ «ሞኝ ናት» ብሏል። እንናዘዝ ካልን ይህንንም እንናዘዝ።

ታሪኩ «እግዚአብሔርም እጥፍ አድርጎ ካሳት» ብሎ ቢጨርስ ደስ ባለን። አልጨረሰም። ዛሬ የምትሠራው ከቀድሞ ደመወዟ ባነሰ ነው። ምን አተረፍሽ ስንላት ግን፣ «ማታ የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ አልደነግጥም» አለችን። ከዚህ የበለጠ ስብከት ዘንድሮ አልሰማንም።

በአዲስ አበባ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በቆመበት ስንት ጊዜ አልፈናል? ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያኖች ያስረሸኗቸው ጦር ይዘው ስለተዋጉ አልነበረም። ለፋሽስት መንግሥት እንዲገዙ፣ አርበኞቹንም እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ ስላሉ ነው። አንዲት ቃል ነበር የቀረቻቸው። ቢሏትና ቢተርፉ ኖሮ ብዙ ሰው ምክንያት ይፈልግላቸው ነበር፤ «ምን ያድርጉ፣ ተገደው ነው» ይባል ነበር። ሐውልት ግን አይቆምላቸውም ነበር። እኛ ጥይት አልተደገነብንም። የተደገነብን የአራት ወር ምልልስ ነው። እሱን እንኳ አልቻልነውም።

ታዲያ ምን ይሁን?

ምክር ሰጪ ለመምሰል አይደለም፤ ለራሳችን ያወጣነውን እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ በስሙ እንጥራው። «የሻይ» የለም፤ ጉቦ ነው። ሲጠይቁን «ጉቦ ነው የጠየቅኸኝ?» ብሎ ጮክ ብሎ መጠየቅን እየተለማመድን ነው። የሚገርመው፣ አንዳንዱ ቃሉን ሲሰማ ብቻ ያፍራል።

ሁለተኛ፣ ቀድመን እንወስን። ዳንኤል በንጉሡ ማዕድ ላለመርከስ በልቡ የወሰነው ሳህኑ ፊቱ ሲቀርብ አልነበረም። ፖስታው ጠረጴዛው ላይ ካረፈ በኋላ የሚወሰን ውሳኔ በአብዛኛው የፖስታው ነው።

ሦስተኛ፣ የወሰድን እንመልስ። ዘኬዎስ «ይቅርታ» ብሎ ብቻ አላበቃም፤ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ። ንስሐ ኪስ ውስጥ ካልገባ ንስሐ አይደለም።

አራተኛውና ዋናው፣ ብቻውን የቆመን ሰው ብቻውን አንተወው። ጽድቅ የአንድ ሰው ጀግንነት ሆኖ እንዲቀር ከፈቀድን ጻድቃን እየተራቡ፣ እኛ እያጨበጨብን እንኖራለን። እኛ ኢትዮጵያውያን እድር እናውቃለን። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ገንዘብ ይወጣል። ለሞተ እድር አለን። እምቢ ላለ ግን የለንም። ያቺ ልጅ ሰባት ወር ስትቀመጥ አንድም ድንኳን አልተተከለላትም። ብትሞት ኖሮ ይተከልላት ነበር!

ስለዚህ ጀምረናል። ወዳጃችን ያበደርነውን 4,000 ብር መልሶልናል፤ ብሩን ወደ ኪሳችን መመለስ ግን ከበደን። የ«እምቢ ባዮች» እድራችን የመጀመሪያ መዋጮ አደረግነው። ወዳጃችንም የራሱን ጨምሮበታል። በየወሩ ጥቂት ጥቂት እንጥላለን። ከመካከላችን አንዱ ነገ «አልፈርምም» ወይም «አልሰጥም» ብሎ ዋጋ ቢከፍል የሦስት ወር የቤት ኪራዩ ከዚያ ይወጣል። ትንሽ ነው። ግን በየማኅበሩ፣ በየኅብረቱ፣ በየጓደኛው ቡድን እንዲህ ያለ ሣጥን ቢኖር «ብቻዬን ምን አደርጋለሁ?» የሚለው ምክንያት ቢያንስ ግማሹ ይወድቃል።

የሚቀጥለው ጾም ሲመጣ ማኪያቶውን እንመልስ፤ ጥሩ ነው። ፖስታውንም አብረን እንመልስ። ሁለቱንም መመለስ ካልቻልን ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ከማኪያቶው ይልቅ ፖስታው ቢመለስ ይሻላል።

ቸር ይግጠመን።